መስጠት እንጂ መቀበል የማያውቅ ሣጥን

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል]

ዛሬ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከማስታወሻዬ ሌላ ሦስት ዕቃ አለ፤ አንድ ሣጥን፣ አንድ የወረደ ባትሪ፣ አንድ የመኪና አምፖል። የቴክኒክ ክፍል ባልደረቦቼ “አደራ፣ እሳት እንዳታስነሳብን” ብለው ነው የፈቀዱልኝ። ሬዲዮ ነውና ዕቃዎቹን አታዩዋቸውም፤ ድምፃቸውን ግን አሰማችኋለሁ። ቁጥር ስለሚበዛብን እስክሪብቶና ወረቀት ቀረብ አድርጉ።

[ማብሪያ ቁልፍ ሲጫን፤ የማራገቢያ ድምፅ]

ይህ የፓወር ሰፕላይ ድምፅ ነው። ስልክ ጥገና ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ አይታችሁታል። ከካውያው አጠገብ የሚቀመጥ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ፊቱ ላይ ቁጥሮች የሚበሩበት፣ ከታች ቀይና ጥቁር ሽቦ የወጣለት ሣጥን ነው። ከግድግዳው 220 ቮልት ይወስድና እናንተ ወዳዘዛችሁት ዝቅተኛ ቮልት ይለውጠዋል። ዛሬ ያመጣሁት ከ0 እስከ 30 ቮልት፣ እስከ 5 አምፒር ይሰጣል። ጥገና ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየውም ይኸው ዓይነት ነው።

ስልክ ሠሪው ይህን ሣጥን የሚገዛው ባትሪ ሊሞላበት አይደለም። የስልክ ቦርድ ያለ ባትሪ ሊያስነሳበት፣ ስንት አምፒር እንደሚስብ አይቶ ብልሽቱ የት እንዳለ ሊገምትበት ነው። አንድ ቀን ግን ደንበኛ የወረደ ባትሪ ታቅፎ ይመጣል። ቻርጀሩ ተቃጥሏል፣ ወይም ጭራሽ አልነበረውም። “እስቲ በዚህ ሞክርልኝ” ይላል። ሠሪው ይሞክረዋል፤ ይሠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሣጥኑ የሰፈሩ ባትሪ መሙያ ይሆናል።

መሙያነቱን አልቃወምም። እኔም ለዓመታት የሞላሁት በዚሁ ነው፤ እንዲያውም አጠቃቀሙን ለሚያውቅ ሰው ከብዙ ርካሽ ቻርጀር ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ አይረሳ፤ ደህና ቻርጀር መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል፣ ይህ ሣጥን አያውቅም። የሚያውቀው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው ቡና ሊጠጣ ከወጣ፣ የሚያውቅ ማንም የለም ማለት ነው።

ወደ ሣጥኑ ፊት እንምጣ። ሁለት ማዞሪያ አለው፤ አንዱ የቮልት፣ ሌላው የአምፒር። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 12 ቮልትና 3 አምፒር ላይ ካደረግሁት ሁለቱንም ይሰጠኛል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ሁለቱም ማዞሪያዎች የሚያበጁት ጣሪያ ነው፤ ከዚህ ቮልት አትለፍ፣ ከዚህ አምፒር አትለፍ። ባትሪው ሲገናኝ ቀድሞ ጣሪያውን የነካው ያዛል፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይታዘዛል። የትኛው እያዘዘ እንደሆነ የሚናገሩ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። “ሲሲ” የሚለው ከበራ ያዘዘው አምፒሩ ነው፤ “ሲቪ” የሚለው ከበራ ቮልቱ ነው።

ቦኖ ተሰልፋችሁ ጀሪካን ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ቧንቧውን ለቀቅ ታደርጉታላችሁ። ውሃው አንገቱ ጋ ሲደርስ ቀስ በቀስ ትዘጉታላችሁ፤ በመጨረሻ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። ባትሪም የሚሞላው እንደዚሁ ነው። ባዶ ሳለ ሲሲው ይበራል፤ ሣጥኑ ያዘዛችሁትን አምፒር ሳያጓድል ይሰጣል፣ የባትሪው ቮልት ቀስ እያለ ይወጣል። ቮልቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሲሲው ጠፍቶ ሲቪው ይበራል። ከዚያ በኋላ ቧንቧ የሚዘጋ እጅ አያስፈልግም፤ ባትሪው በሞላ ቁጥር የሚስበው አምፒር በራሱ እየወረደ ይሄዳል። የጀሪካኑና የባትሪው ልዩነት ግን አለ። ጀሪካን ሞልቶ ሲያልፍ እግራችሁን ያርሰዋል፣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ከባትሪ ሞልቶ የሚፈሰው ሙቀትና ጋዝ ነው፤ እግር አያረጥብም።

ስለዚህ ባትሪ ከመነካቱ በፊት ሣጥኑን ማዘጋጀት አለ። ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ተለያይተው ሳለ ቮልቱን ታስተካክላላችሁ። ቀጥሎ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ታነካካላችሁ።

[የክሊፕ መነካካት ድምፅ]

አትደንግጡ። ቮልቱ ወደ 0 ይወድቃል፣ ሲሲው ይበራል፣ ያኔ የአምፒሩን ማዞሪያ ወደምትፈልጉት ታመጣላችሁ። ይህን ማድረግ የሚቻለው ባትሪ ከሽቦው ጫፍ ላይ ከሌለ ብቻ ነው። ባትሪ ተይዞ ሳለ ሁለቱን ማነካካት ማለት ባትሪውን ሾርት ማድረግ ነው፤ በዚያ ላይ አስተያየት የለኝም።

ሌላው ነገር፣ የሣጥኑን ቁጥር በጭፍን አትመኑ። ርካሹ ሣጥን ላይ 4.20 ተጽፎ እውነቱ 4.28 ሊሆን ይችላል። ቴስተራችሁን በባትሪው እግር ላይ ሰክታችሁ አንብቡ። ሽቦውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቀጭን ሽቦና ላላ ያለ ክሊፕ አንድ አሥረኛ ኦም ካለው፣ በ5 አምፒር ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። “ሣጥኑ 14.4 ይላል፣ ባትሪው ላይ ግን 13.9 ነው” ብላችሁ ማዞሪያውን ከፍ እንዳታደርጉ። አምፒሩ ሲወርድ መንገድ ላይ የሚቀረውም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ የጨመራችሁት ግማሽ ቮልት በሙሉ ባትሪው ላይ ያርፋል።

[አጭር ሙዚቃ]

በመጀመሪያ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ። የመኪናው፣ የሞተር ሳይክሉ፣ የዩፒኤሱ፣ የብዙ ሶላር ቤቶችም ባትሪ ይኸው ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 ሁለት የእርሳስ ሉሆችን ጠቅልሎ አሲድ ውስጥ ሲከታቸው የተወለደ ዕቃ ነው። ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታጋሽነቱም የሽማግሌ ነው፣ ትንሽ ብትሳሳቱበት ይቅር ይላል።

ዛሬ እዚህ ያለው የዩፒኤስ ባትሪ ነው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ መመሪያው ጎኑ ላይ ታትሟል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። “ሳይክል ዩዝ” ከ14.4 እስከ 15.0 ቮልት ይላል፤ ይህ እየሞሉና እያወረዱ ለሚጠቀሙበት ነው። “ስታንድባይ ዩዝ” ከ13.5 እስከ 13.8 ይላል፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚኖር ነው። ከሥሩ የመነሻው ከረንት ከ2.1 አምፒር እንዳይበልጥ ያስጠነቅቃል። እኔ 14.4 ቮልትና 1 አምፒር ላይ አደርገዋለሁ። አምፒሩ ወርዶ 0.1 አካባቢ ሲደርስ ሞልቷል። ማንሳት ካልቻልኩ ወደ 13.6 ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ፤ በዚያ ቮልት ቀናት ቢቆይ አይጎዳም።

የመኪና ባትሪስ? 60 አምፒር ሰዓት የሆነውን በ5 አምፒር ሣጥን መሙላት ይቻላል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል እንጂ። ዝግታው ለባትሪው መልካም ነው። ለባለቤቱ ነው የማይመቸው።

እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ አገራችን ደግሞ በአንድ ዲግሪ አትኖርም። ለ12 ቮልት ባትሪ፣ በየአንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.02 ቮልት ገደማ ይስተካከላል። ደብረ ብርሃን ላይ በ10 ዲግሪ ጠዋት 14.4ቱ 14.7 ቢሆን ይገባዋል፣ አለዚያ ሳይሞላ ይቀራል። ሰመራ ላይ በ40 ዲግሪ ደግሞ ወደ 14.1 መውረድ አለበት፣ አለዚያ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። የቆላ ነዋሪዎች “ባትሪ እኛ ጋ አይበረክትም” ሲሉ እሰማለሁ። ሙቀት በራሱ ባትሪ ያስረጃል፤ በደጋ ቮልት መሙላት ሲጨመርበት ግን ዕድሜው ይብሱን ያጥራል።

ሞልቶ ሲያልፍ ከእርሳስ ባትሪ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው። አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ብልጭታዋ የት ትገኛለች? ክሊፑን ስትነቅሉ ነዋ! እንግዲህ መስኮት ክፈቱ፤ ስትጨርሱ በመጀመሪያ ሣጥኑን አጥፉ፣ ቀጥሎ ክሊፑን ንቀሉ።

ከዚህ ባትሪ ሳልወጣ አንድ ማታለያውን ላጋልጥ። ወራት ሙሉ ወርዶ ጥግ የተቀመጠ ባትሪ አምጥታችሁ ትሰኩታላችሁ። ቮልቱ በሰከንድ ውስጥ 14.4 ይደርሳል፣ ሲቪው ይበራል፣ አምፒሩ 0.02 ነው። “ሞልቷል!” ትላላችሁ፤ የሣጥኑ ፊት እውነትም የሞላ ባትሪ ፊት ነው። ግን ሞቷል። የእርሳሱ ሳህኖች በሰልፌት ድንጋይ ተሸፍነው ከረንት አያስገቡም። የሞላና የሞተ ባትሪ በሣጥኑ ፊት ላይ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ማውረድ ነው፤ አምፖል ሲሰቀልበት የሞላው ያበራል፣ የሞተው ጭል ብሎ ይጠፋል። ሰልፌት የያዘው አንዳንዱ ባትሪ ተሰክቶ ሲቆይ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቀስ እያለ ከረንት መሳብ ይጀምራል፤ ሞክሩት፣ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ለቅሶው ደርሷል።

[አጭር ሙዚቃ]

ወደ ሊቲየም እንሂድ። እዚህ ላይ ድምፄ ይለወጣል።

የስልኩ፣ የላፕቶፑ፣ የፓወር ባንኩ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉ ባትሪ ነው። ከሞተ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚወጡት፣ ጣት የሚያካክሉ ሴሎች 18650 ይባላሉ፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ከአንድ ላፕቶፕ ስድስት ቢወጡ ሦስት አራቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ የእጅ ባትሪና ፓወር ባንክ የሚሠሩባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ለእነሱ ነው ይህን የምለው።

የመጀመሪያዎቹ የሊቲየም ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሞከሩ ውስጣቸው ንጹሕ የሊቲየም ብረት ነበር፤ በየሙሌቱ ብረቱ መርፌ መርፌ እያበቀለ ይሾርት ነበር። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1980ዎቹ ያን ብረት አስወጥቶ በካርቦን ተካው፤ ካርቦኑ ሊቲየሙን በየንብርብሩ እንደ እንግዳ ያሳድረዋል። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የዚህን ዓይነቱን ነው። ዮሺኖ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና ጆን ጉዲናፍ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ፤ ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ለምን አነሳሁት? አንዱን ሴል ከ4.2 ቮልት አሳልፋችሁ ስትሞሉ ካርቦኑ ውስጥ የእንግዳ ማደሪያው ያልቃል፤ ቦታ ያጣው ሊቲየም ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ዮሺኖ ያስወጣውን ብረት እናንተ በማዞሪያ መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ ጣሪያው 4.20 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ 0.05 እንኳ ብዙ ነው። እኔ 4.15 ላይ አደርገዋለሁ። ትንሽ ይጎድላል፣ ግን ሣጥኔ ቢዋሽ መተንፈሻ አለኝ። አምፒሩ ከሴሉ አቅም ግማሽ ይሁን፤ 2500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ 1.25 አምፒር። ሲቪው ከበራ በኋላ አምፒሩ 0.12 አካባቢ ሲደርስ ንቀሉት። ልክ እንደ እርሳሱ “ተሰክቶ ይደር” አይባልም። ሊቲየም ተሰክቶ ማደር አይወድም።

ወንድሙም አለ፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት። የእሱ ጣሪያ 3.65 ነው፤ አራቱ ተያይዘው 12 ቮልት ለሚባለው 14.6። ከውጭ ሲያዩት ከ18650 የማይለይ ሴል አለ። ጽሑፉ ከተፋቀ ባትሪ ጋር ግምት አትጫወቱ።

ከ2.5 ቮልት በታች የወረደ ሴል ይመጣላችኋል። ባለቤቱ “ቀስቅስልኝ” ይላል። ትንሽ የወረደውን በአቅሙ አንድ አሥረኛ አምፒር፣ እየዳሰሱ፣ 3 ቮልት እስኪደርስ ማንሳት ይቻላል። ከሞቀ አቁሙት። ከ1.5 በታች ወርዶ ሳምንታት የቆየውን ግን አልነካም። ውስጡ ያለው የመዳብ ሉህ ሟሙቶ ሌላ ቦታ ተለጥፏል፤ ዛሬ ተነስቶ በሳምንቱ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ሊሾርት ይችላል። “ጋሼ፣ ሠራልኝ እኮ!” ብሎ አመስግኖ የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ። ያበጠ ባትሪም እንዲሁ ነው። ሊቲየም የምትሞሉበት ቦታ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ይሁን፣ አልጋና ምንጣፍ አይሁን። ጭስ ከጀመረ ጭሱ መርዛማ ነው፤ ሰውን አስወጡ።

በተከታታይ የተያያዙ ሴሎችንስ? የላፕቶፕ ባትሪ ለምሳሌ ብዙ ሴል ተያይዞ ነው። ሣጥኑ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ድምሩ ልክ ሆኖ አንዱ 4.4፣ ሌላው 3.9 ሊሆን ይችላል። ባትሪውን የሚጠብቀው ቦርድ ከሌለ፣ ወይም ተበላሽቶ ዘሎ የተበየደ ከሆነ፣ በሣጥን አትሙሉት።

የኒኬል ባትሪን ቶሎ ልለፈው፤ ለሬዲዮና ለካሜራ የምንገዛው፣ እንደገና የሚሞላው 1.2 ቮልት ነው። በዚህኛው ላይ ሲቪ አይሠራም። ሲሞላ ቮልቱ መውጣቱን ትቶ ትንሽ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይነሳል። ሣጥኑ ቮልቱን እንደያዘ ከቆየ፣ ባትሪው በሞቀ ቁጥር አብልጦ ይስባል፣ አብልጦ በሳበ ቁጥር ይሞቃል። የሚሻለው በአምፒር ብቻ መሙላት ነው፤ 2000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱን በ0.2 አምፒር፣ ሰዓት ተይዞ፣ ከ14 እስከ 16 ሰዓት። በቃ።

[መብራት ሲጠፋ፤ የማራገቢያው ድምፅ ቀስ እያለ ይቆማል]

ሰማችሁ? አሁን ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። እቤታችሁ ግን ማንም ሆን አይልም፤ መብራት ይሄዳል።

ከውጭ አገር የሚመጣው መመሪያ ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው፤ ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ሣጥኑ ሞቷል፣ ባትሪው ግን ሕያው ነው፣ ሁለቱም በሽቦ ተያይዘዋል። አሁን ከረንት የሚሄደው ከባትሪ ወደ ሣጥን ነው። አንዳንዱ ሣጥን ጥቂት ሚሊ አምፒር ብቻ እየጠጣ ዝም ይላል፤ ሌሊቱን በሙሉ መብራት ካልመጣ ባትሪው ሲሞላ ከነበረበት ወርዶ ያድራል። የሌላው ሣጥን የውስጥ ክፍሎች በተገላቢጦሽ ከረንት ይጎዳሉ። መብራቱ ሲመለስም ነገር አለ። የመውጫ ማብሪያ ቁልፍ ያለው ሣጥን ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ይነሳል፣ ጠዋት “ሞልቷል” ብላችሁ ባዶ ባትሪ ታነሳላችሁ። ማዞሪያ ብቻ ያለው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ከቆመበት ይቀጥላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ፣ ያለ ባትሪ፣ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩት።

መድኃኒቱ አንድ ዳዮድ ነው። በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ወደ ባትሪው ብቻ በሚያሳልፍ በኩል ይበየዳል። ሾትኪ የሚባለውን ዓይነት ከመረጣችሁ በራሱ ላይ የሚያስቀረው ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ነው፤ ይህ ግን አምፒሩ ሲወርድ ስለሚቀንስ፣ ቮልቱን ከዳዮዱ ወዲያ፣ ባትሪው ላይ፣ በቴስተር ተከታተሉት። በሊቲየም ላይ ዳዮድ ስትጠቀሙ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ከዳዮዱ ጎን ፊውዝ አስገቡ። ለምን እንደምል ታሪክ አለኝ። ሥራ የለመድኩበት ሱቅ ውስጥ፣ አሠሪዬ ጋሼ ምሳ ወጥተው ሳለ፣ የደንበኛ ባትሪ ለመሙላት ቀዩን ክሊፕ ኔጋቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ፖዘቲቭ ላይ ሰቀልኩ። ሣጥኑን ገና አላበራሁትም ነበር፤ ስለዚህ ምንም አይሆንም ብዬ ነበር። ክሊፑ ሲነካ ብልጭ አለ፣ ቀጭኑ ሽቦ ተኮማትሮ ጨሰ፣ ከሣጥኑ ጀርባ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ወጣ። ጋሼ ሲመለሱ ሽታው በር ላይ ተቀበላቸው።

“ምን አደረግክበት?”

“ጋሼ፣ ሳላበራው ነው የሰቀልኩት።”

“ባትሪውንስ? እሱንም አላበራኸውም?”

ይህን ከተናገሩ በኋላ እስኪመሽ አላናገሩኝም። ነገሩን የተረዳሁት ሣጥኑ ሲፈታ ነው። መውጫው ላይ ሣጥኑን ከተገላቢጦሽ ቮልት የሚጠብቅ ዳዮድ አለ። ባትሪ ተገልብጦ ሲሰካ፣ ያ ዳዮድ ለባትሪው ክፍት በር ይሆናል። ትንሹ የእርሳስ ባትሪ እንኳ ሲሾርት በአሥሮች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል። ሣጥኑ ጠፍቶ ቢሆንም አይምርም፤ ጋሼ እንዳሉት ባትሪ ማጥፊያ የለውም። ከባትሪው አጠገብ፣ በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ባለ 5 አምፒር የመኪና ፊውዝ ቢኖር ኖሮ የምንከፍለው የፊውዙን ዋጋ ብቻ ነበር።

[አጭር ሙዚቃ]

የቀረን ማውረድ ነው። ባትሪ ማውረድ ለምን ያስፈልጋል? እውነተኛ አቅሙን የሚናገረው ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈው 7 አምፒር ሰዓት ፋብሪካው ውስጥ ሳለ ነው፤ ዛሬ ስንት እንደቀረው ጽሑፉ አያውቅም።

ብዙ ሰው ሣጥኑን 10.5 ቮልት ላይ አድርጎ 12.6 ቮልት ያለውን ባትሪ ይሰካና፣ ከፍ ያለው ወደ ዝቅ ያለው ይፈሳል ብሎ ይጠብቃል። የሣጥኑ አምፒር 0.00 ይላል፤ ቢጠብቅ ቢጠብቅ 0.00 ነው። ይህ ሣጥን መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም። በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ኪትሊ 2400 የሚባለውን የመሰሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገኙ። ዋጋቸው ግን ከጥገና ቤት አቅም በላይ ነው። እኛ አምፖል አለን።

የመኪና ፍሬቻ አምፖል 12 ቮልት፣ 21 ዋት ነው፤ 1.75 አምፒር ገደማ ይስባል። የሞላውን ባትሪ ከአምፖሉ ጋር ታያይዛላችሁ፣ ሰዓት ትጽፋላችሁ፣ ባትሪው 10.5 ቮልት ሲደርስ ታቆማላችሁ። አምፒሩን በሰዓቱ ስታባዙት አቅሙ ወጣ። 7 በ1.75 ሲካፈል 4 ሰዓት ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ አዲሱም ባትሪ የሚቆየው 3 ሰዓት ገደማ ነው። ጎኑ ላይ ያለው 7 የተለካው በ0.35 አምፒር፣ በ20 ሰዓት ዝግታ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲወርድ የሚሰጠው ያንሳል። አምፖላችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከደከመ፣ ባትሪው የቀረው ግማሹ ነው። ለአንድ የሊቲየም ሴል ደግሞ ባለ 4.7 ኦም ሬዚስተር፣ ባለ 10 ዋቱን ሴራሚክ፣ ውሰዱ። በአማካይ 0.79 አምፒር ያወርዳል፤ ደህና 2500ው 3 ቮልት ለመድረስ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይወስድበታል። ሬዚስተሩ ጣት ያቃጥላል፤ ፕላስቲክ ላይ አታስቀምጡት።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተረጋጋ ባትሪ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይናዳል። ስልክ ሲጠራ አንስታችሁ ብትመለሱ 10.5ቱ 8 ሆኖ ይጠብቃችኋል። እዚህ ላይ መቀበል የማያውቀው ሣጥን ይጠቅመናል።

[ማብሪያ ቁልፍ፤ ማራገቢያ]

ቀደም ብዬ፣ ባትሪው ሞልቶ ሳለ፣ ሣጥኑን 10.5 ቮልት ላይ አደረግሁት፣ የአምፒሩን ጣሪያ አምፖሉ ከሚስበው በላይ፣ 3 ላይ። አበራሁት። ከዚያ ባትሪውን፣ አምፖሉንና ሣጥኑን ሦስቱንም ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር አያያዝኩ፤ የባትሪው ፊውዝ እንዳለ ነበር። አምፖሉ በራ። ያበራው ባትሪው ነበር፤ የሣጥኑ አምፒር 0.00 ነበር፣ ቮልቱ 12.3። ሣጥኑ ከሱ ቮልት በላይ ያለ ነገር ስላጋጠመው ዝም ብሎ ያያል። ባትሪው እየወረደ 10.5 ሲነካ ግን ሣጥኑ ይነቃል፤ የአምፖሉን ሸክም ከባትሪው ላይ እየተቀበለ ይሸከማል። የአምፒሩ ቁጥር ከ0.00 ተነስቶ መውጣት የጀመረበት ደቂቃ የፈተናው ማብቂያ ነው። ባትሪው ከዚያ በኋላም ጥቂት መስጠቱን ስለማይተው ቶሎ ንቀሉት፤ ግን ብትዘገዩም ቮልቱ ከ10.5 አይወርድም። ለሊቲየም ሴልም በሬዚስተሩ ይኸው ነው፤ ሣጥኑ 3.0 ላይ ይሆናል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሣጥናችሁ ከመጠን ያለፈ ቮልት ሲያይ መውጫውን የሚያሾርት መከላከያ ካለው፣ የመከላከያው ቁጥር ከባትሪው ቮልት በላይ መሆኑን አረጋግጡ። የዳዮዱ ነገር ደግሞ፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ ባትሪው የሚሄደው ዳዮድ እዚህም ቢቀመጥ ደግ ነው፤ ያኔ ቮልቱን ዳዮዱ የሚበላውን ያህል ከፍ አድርጉት። መብራት ከሄደ ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ የለም፤ አምፖሉ ባትሪውን እስከ ታች ይዞት ይወርዳል። አምፖሉን ንቀሉና ሰዓቱን ጻፉ፤ መብራት ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላላችሁ።

የእኔ ባትሪ ዝግጅቱን ከመጀመራችን በፊት ሲፈተን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ቆየ፤ 3.2 አምፒር ሰዓት መሆኑ ነው። ቀኑንና 3.2ን በማርከር ጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና አወርደዋለሁ። አሁን ወርዷልና ሣጥኑን ወደ 14.4 ቮልትና 1 አምፒር መልሼ ልሰካው።

[የክሊፕ ድምፅ]

ሲሲው በራ። የቴክኒክ ክፍል ባልደረቦቼ፣ እሳት የለም። ሳምንት በዚሁ ሰዓት የፓወር ባንክ ሆድ ከፍተን እናያለን። ደህና ሁኑ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]